ከብዙ አሻራ አንድ ማኅተም

ሃሽ የተባለው ስሌት ማንኛውንም ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ፕሮግራም ተቀብሎ ርዝመቱ የማይለዋወጥ አንድ ቁጥር ያወጣል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሻ-256 አንዲት ፊደል ቢሰጡትም የአንድ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን ሁሉ ቢሰጡትም የሚመልሰው 256 ቢት ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ 64 ምልክት ይሆናል። ከገባው ጽሑፍ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ከቀድሞው ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን ይዞ ወደ ጽሑፉ መመለስ ደግሞ በተግባር የማይሞከር ነው። ከዚህ የተነሣ ቁጥሩ የጽሑፉ አሻራ ይባላል፤ ፕሮግራመሮችም ሁለት ፋይሎች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ፋይሎቹን መስመር በመስመር ከማመሳከር ይልቅ አሻራቸውን ያስተያያሉ።

በአንድ የፕሮግራም ሥራ ውስጥ ግን ፋይሉ አንድ ብቻ አይደለም። መቶም ሺህም ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም የየራሱ አሻራ አለው። ሥራውን በሙሉ በአንድ ስም መጥራት፣ «ይህ ትናንት የተፈረመበት ነው፤ አንድም ነገር አልተነካም» ማለት ሲያስፈልግ እነዚያን ሁሉ አሻራዎች ወደ አንድ ማጠቃለል ግድ ይላል። እንዴት ይጣመሩ የሚለው የእጅ ሙያ ጥያቄ መስሎ ይጀምርና ብዙም ሳይርቅ ፈላስፎች ሲከራከሩበት የኖሩት ሜዳ ላይ ይወጣል። ሙሉው ነገር ከክፍሎቹ ድምር ሌላ ነውን? ክፍሎቹ ሲለዋወጡ ነገሩ ያው ራሱ ነው የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው? ለየብቻቸው የማይታመኑ ሁለት ምስክሮች አብረው ሲቆሙ ይታመናሉን? ፕሮግራመሩ እነዚህን ጥያቄዎች ሰምቷቸው ባያውቅም በሚጽፈው ኮድ መልስ ሰጥቶባቸዋል። መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ስሕተቱን የሚያሳየው ፈላስፋ አይሆንም፤ አጥቂ ነው።

አስቀድሞ አንዱ አሻራ ብቻውን ምን ያህል እንደሚታመን ማየት ይገባል። ሊኖሩ የሚችሉ ጽሑፎች ማለቂያ የላቸውም፤ የ256 ቢት ቁጥሮች ግን የተቆጠሩ ናቸው፣ ምንም እንኳ ብዛታቸው በ78 አኃዝ ቢጻፍ። እንግዲያስ አንድ ዓይነት አሻራ የሚጋሩ የተለያዩ ጽሑፎች መኖራቸው የማይቀር ነው፤ ያውም ስፍር ቁጥር የሌላቸው። ይህ መጋራት ግጭት ይባላል። ሃሽ ጠንካራ ነው ሲባል ግጭት የለበትም ማለት አይደለም፤ ግጭቱን ፈልጎ ማግኘት ከአቅም በላይ ነው ማለት ነው። ፍለጋውም ሰው እንደሚገምተው ቁጥሮቹን ሁሉ መዳሰስን አይጠይቅም። በአንድ ክፍል 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ ዓመቱ ግን 365 ቀን ነው። በዚሁ ምክንያት በ256 ቢት አሻራ ላይ ግጭት ለማግኘት የሚያስፈልገው ሙከራ ብዛቱ 39 አኃዝ ያህል ነው። ቢቱ 256 ቢባልም አጥቂው የሚከፍለው የ128ቱን ዋጋ ነው።

ፈላስፋው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው «የፍልስፍና መርሖች» መደምደሚያ ላይ ሁለት ዓይነት እርግጠኝነትን ይለያል። አንደኛው ሌላ ሊሆን በፍጹም የማይችል ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ሊሆን ቢችል እንኳ ለኑሮ የሚበቃ፣ ጤነኛ ሰው የማይጠራጠረው እርግጠኝነት ነው። ለሁለተኛው የሰጠው ምሳሌ በምስጢር ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ አንባቢው እያንዳንዱን ፊደል በሚቀጥለው ፊደል እየተካ ሲያነብ ትርጉም ያለው መልእክት ከወጣለት፣ ጸሐፊው ሌላ ነገር ማለቱ ሊሆን ቢችልም፣ ቁልፉን እንዳገኘ ያምናል። ዴካርት ምሳሌውን ከምስጢር ጽሕፈት መውሰዱ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለሃሽ ግን ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። «እነዚህ ሁለት ፋይሎች አንድ ናቸው» የሚለው የሃሽ ቃል የሁለተኛው ዓይነት ነው። ፍጹም ማረጋገጫ አይደለም፤ ብዙ ባንኮችና መንግሥታት ግን ሥራቸውን አሳድረውበታል።

አሁን ወደ ማጣመሩ። ጀማሪ ፕሮግራመር ቀድሞ የሚያስበው ኤክስኦር የተባለውን ስሌት ነው። የሁለት አሻራዎች ቢቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ዜሮ፣ ከተለያዩ አንድ ይጻፋል። ውጤቱ እንደ መጀመሪያዎቹ 256 ቢት ሆኖ ይወጣል፤ ፈጣንም ነው፤ አንድ ፋይል ሲጨመር ሁሉን እንደ አዲስ ማስላት አያሻም። ምቾቱ ግን በውስጡ አንድ አቋም ይዟል። ኤክስኦር ቅደም ተከተልን አያውቅም፤ ሀ ከለ ቀደመ፣ ለ ከሀ ቀደመ፣ ለእርሱ አንድ ነው። «ልብ» እና «ብል» የተጻፉት በሁለት ተመሳሳይ ፊደላት ነው፤ በኤክስኦር ሚዛን ልብና ልብስ የሚበላው ብል አንድ ክብደት ይኖራቸዋል። ከዚህም የባሰ አለ። አንድ አሻራ ከራሱ ጋር ሲጣመር ዜሮ ይሰጣል። በሥራው ውስጥ አንድ ዓይነት ይዘት ያላቸው ሁለት ፋይሎች ካሉ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ሁለቱም ከነጭራሹ ያልነበሩ ያህል ይሆናል።

አርስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው በሰባተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ይህንኑ ነገር በፊደል ነው የሚያስረዳው። አናባቢና ተነባቢ ፊደላት ሲገናኙ ቀለም (ክፍለ ቃል) ይፈጠራል፤ ቀለሙ ሲበተን ፊደላቱ አሉ፣ ቀለሙ ግን የለም። ስለዚህ ቀለሙ ከፊደላቱ በላይ የሆነ ሌላ ነገር አለው፤ ያም ሌላ ነገር አንድ ተጨማሪ ፊደል ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንማ ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል። ሙሉ ነገር ከክምር የሚለየው በዚህ ነው። በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ከግሪኩም ይልቅ ግልጽ ነው፤ «ባ» የተባለው ቅርጽ ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ ማንሣት እስከማይቻል ድረስ አዋሕዶ ይዟቸዋል። ኤክስኦር ከብዙ ክፍሎች የሚሠራው ክምርን ነው፤ ሙሉ ነገርን አይደለም።

ክምር ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። ማንነቱ በቅደም ተከተል ላይ ያልቆመ ነገር አለ፤ የአንድ ማኅበር አባላት ዝርዝር በማንም ስም ቢጀምር ያው ማኅበር ነው። የጃቫ ቋንቋ አዘጋጆች ይህን ለይተው አስቀምጠዋል። በጃቫ የስብስብ ሃሽ የአባላቱ ሃሽ ተራ ድምር ነው፤ የዝርዝር ሃሽ ግን በየደረጃው በ31 እየተባዛ ስለሚሄድ ቦታ የተለዋወጡ አባላት ሌላ ውጤት ይሰጣሉ። እነዚህ ለፍጥነት እንጂ ከጠላት ለመጠበቅ የተሠሩ አይደሉም። ጠላት ባለበት ቦታ ተራ ክምር የሚያስከፍለውን ዋጋ ቤላሬና ሚቻንቾ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል። አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት አማራጭ ካዘጋጀና ክፍሎቹ ከሃሹ ቢት ብዛት ጥቂት ከበለጡ፣ ኤክስኦሩ የተፈለገውን ቁጥር እንዲሰጥ ከየአማራጩ የትኛው እንደሚመረጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚታወቀው የእኩልታዎች አፈታት ይገኛል። 39 አኃዝ ሙከራ የሚያሻው ምሽግ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ይፈርሳል። እያንዳንዱ ጡብ ጠንካራ ነበር፤ ደካማው ጭቃው ነው።

የተሻለው መንገድ አሻራዎቹን በቅደም ተከተል አያይዞ የተያያዘውን እንደ ገና በሃሽ ማሳለፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፤ የተደጋገመም አይጠፋም። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ የተሰወረ ጥያቄ አለ፤ የአንዱ ክፍል ድንበር የት ላይ ነው? «በላም» ተብሎ ቢጻፍ «በ» እና «ላም» ተያይዘው ሊሆን ይችላል፤ «በላ» እና «ም» ተያይዘውም ሊሆን ይችላል። አንዱ ስለ ከብት፣ ሌላው ስለ መብል ይናገራል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ባለቅኔዎች ይህን አሻሚነት ጌጥ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ለሃሽ ግን ሞት ነው። የፋይሉን ስምና ይዘቱን እንዲሁ አያይዞ የሚያሰላ ፕሮግራም ከስሙ ጫፍ አንዲት ፊደል ወደ ይዘቱ መነሻ ብትሻገር ምንም አያውቅም። ግጭት ለመፈለግ ሙከራ እንኳ አላስፈለገም።

የጥንት ጸሐፍት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ የነበረው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው፤ ፕሮግራመሮችም ቀድመው የሚያስቡት መለያ ምልክት ማስገባትን ነው። ምልክቱ ግን በይዘቱ ውስጥ ራሱ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድንበርና ይዘት ይደበላለቃሉ። የሚያዛልቀው ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ርዝመቱን መጻፍ ነው፦ «የሚከተለው 12 ባይት ነው» ብሎ መናገር። በአሻራዎች መካከል ችግሩ ይቀላል፤ ሁሉም 256 ቢት፣ ማለትም 32 ባይት ስለሆኑ ድንበራቸው በልካቸው ይታወቃል። ጥሬ ይዘት በተቀላቀለበት ቦታ ሁሉ ግን ርዝመቱን አለመጻፍ ስንፍና ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር የሚታይበት ሥራ ጊት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊነክስን ኮድ ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው ይህ ፕሮግራም ዛሬ አብዛኛው የዓለም ኮድ የሚቀመጥበት ሲሆን፣ ከሥር እስከ ጫፍ የተገነባው በተጣመሩ አሻራዎች ነው። የአንድ ፋይል ይዘት ሻ-1 በተባለው ሌላ ሃሽ አሻራ ይሰየማል፤ ከይዘቱ በፊት የዓይነቱ ስምና ርዝመቱ ስለሚጻፍ «በላም» የሚያስከትለው መደባለቅ በር ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ፎልደሩ ይመጣል። ፎልደር ማለት በጊት ዘንድ የስሞች፣ የፈቃድ ምልክቶችና የአሻራዎች ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡም ራሱ አሻራ ይወጣለታል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየገባ ሲሄድ የላይኛው አሻራ የሥሩን ሁሉ ይይዛል። በመጨረሻም ኮሚት የተባለው ማኅተም አለ፤ የላይኛውን ፎልደር አሻራ፣ የጸሐፊውን ስምና ሰዓት፣ ማስታወሻውን፣ እንዲሁም ከእርሱ በፊት የነበረውን ኮሚት አሻራ አብሮ ያትማል።

ምን እንደገባና ምን እንደቀረ ሲታይ ጊት ስለ ነገሮች ማንነት ያለው እምነት ይገለጣል። ፋይል ስም የለውም፤ ስም የፎልደሩ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ይዘት ያላቸው ሁለት ፋይሎች፣ በየትም ቢቀመጡና ምንም ቢባሉ፣ ለጊት አንድ ነገር ናቸው። ፋይሉ የማን እንደሆነና መቼ እንደተነካ ከማኅተሙ ውጭ ቀርቷል። ባዶ ፎልደር አይመዘገብም፤ ይዘት የሌለው ዕቃ ቤት በጊት ዓለም የለም። ፕሮግራመሮች ባዶ ፎልደር ማቆየት ሲፈልጉ አንዲት እርባና የሌላት ፋይል ያስገቡበታል፤ ለሥርዓቱ እምነት የሚከፈል ግብር ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጊት ለቴሴዎስ መርከብ የሰጠው መልስ ነው። ፕሉታርክ እንደተረከው አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን አቆይተውታል፤ ፈላስፎቹም ያው መርከብ ነው፣ ያው አይደለም እያሉ በሁለት ወገን ይከራከሩበት ነበር። ጊት ሁለቱንም ወገን በአንድ ቤት አስቀምጧል። የፎልደሩ አሻራ የሚያውቀው ሳንቃውን ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቃ ቢለወጥ መርከቡ ሌላ ነው፤ የቀድሞው ሳንቃ ተመልሶ ቢገጠም ደግሞ የቀድሞው አሻራ አንድ ቢት ሳይጎድል ይመለሳል። ኮሚቱ ግን ታሪክን ያውቃል። ተነቅሎ የተመለሰው ሳንቃ ሁለት አዳዲስ ኮሚቶችን ትቶ ያልፋል፤ ይዘቱ እንደ ነበረው ቢሆንም ማኅተሙ ወደ ነበረበት ከቶ አይመለስም። በይዘት አንድ፣ በታሪክ ሁለት። አከራካሪዎቹ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገሩ እንደነበር ለማየት ሁለት አሻራ በቂ ነው። ይህ ክርክሩን ፈታው ማለት አይደለም፤ የትኛው አሻራ «መርከቡ» የተባለው ነው የሚለው አሁንም የሰው ፍርድ ነው።

አሻራን በአሻራ ላይ መደራረብ የጊት ፈጠራ አይደለም። ራልፍ መርክል እ.ኤ.አ. በ1979 ባመለከተውና በ1982 በጸደቀለት የፈጠራ መብት ውስጥ አሻራዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ አንድ ሥር የሚወጡበትን ዛፍ ገልጿል። የዛፉ ጥቅም አንድ ቅጠል የሙሉው አካል መሆኑን ለማሳየት ቅጠሎቹን ሁሉ ማቅረብ አለማስፈለጉ ነው። ለ1,024 ቅጠሎች 10 አሻራ ይበቃል፤ ከ1 ሚሊዮን ለሚበልጡ 20። ክፍሉ ስለ ሙሉው እንዲመሰክር ሙሉው መገኘት የለበትም። ነገር ግን የዛፉ ውበት ያዘናጋል። ቅጠልና ቅርንጫፍ በአንድ ዓይነት ስሌት ከታተሙ ቅርንጫፉ ቅጠል ነኝ ብሎ መቅረብ ይችላል፤ የሁለት አሻራዎች ጥምረት «ይህ ተራ ሰነድ ነው» ተብሎ ቢቀርብ ሥሩ አይለወጥምና። የድረ ገጽ የምስክር ወረቀቶችን በይፋ ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ ለዚህ መድኃኒት አስገብቷል፦ ከቅጠል በፊት 0፣ ከቅርንጫፍ በፊት 1 ይጻፋል። አንድ ባይት ነው። ነገሩ ምን እንደያዘ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነም እንዲናገር ታስገድደዋለች።

ቢትኮይን በሌላ በኩል ተሰናክሏል። በዛፉ አንድ እርከን ላይ ያሉት አሻራዎች ጎዶሎ ከሆኑ የመጨረሻው ተደግሞ ጥንድ እንዲሆን ተደርጓል። እንግዲህ ሦስት ክፍያዎች ያሉት ዝርዝርና ሦስተኛው ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ዝርዝር አንድ ሥር ይኖራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው አደጋ ይህ ነበር፤ አጥቂ ትክክለኛውን የክፍያ መዝገብ አበላሽቶ በዚያው አሻራ ቢልከው፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር አሻራውን ብልሹ ብሎ ይመዘግብና በኋላ ትክክለኛው ሲመጣለትም ይገፋዋል። ሻ-256 ምንም አልሆነም፤ የተሰበረው የማጣመሩ ልማድ ነው።

እስካሁን የተነገረው በአንድ ዓይነት ሃሽ የወጡ የብዙ ነገሮችን አሻራ ስለማጣመር ነው። ሌላው ዓይነት ማጣመር ስለ አንድ ነገር ሁለት የተለያዩ ሃሾችን ማስመስከር ነው። ምክንያቱ ጥርጣሬ ነው፤ ዛሬ የሚታመነው ስሌት ነገ ሊሰበር ይችላል። የድረ ገጽ ግንኙነትን የሚጠብቀው ቲኤልኤስ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጀመሪያ እትሙ ሲወጣ ይህን መንገድ መርጦ ነበር። ለፊርማ የሚቀርበው መልእክት ኤምዲ5 በተባለው ሃሽ 16 ባይት፣ በሻ-1 20 ባይት ሆኖ ተያይዞ በ36 ባይት ይፈረም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ሁለት ሃሽ ቢያብርስ?

ሂሳቡ ቀላል ይመስላል። 128 ቢትና 160 ቢት ሲያያዙ 288 ቢት ይሆናል፤ ግጭት ለማግኘትም የግማሹ ዋጋ፣ 44 አኃዝ ያህል ሙከራ፣ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው አንቷን ዡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳንታ ባርባራ ላይ በተደረገ ጉባኤ ይህ ሂሳብ ሐሰት መሆኑን አሳየ። ኤምዲ5ም ሻ-1ም ጽሑፍን የሚያነቡት ቁራጭ በቁራጭ ነው፤ እስከዚያ ያነበቡትን በአጭር ማስታወሻ ይዘው ወደሚቀጥለው ቁራጭ ያልፋሉ። አጥቂው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ አንድ ግጭት ይፈልጋል፤ ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው። በየደረጃው ሁለት አማራጭ ስላለ ከ80 ደረጃ በኋላ ብዛታቸው 25 አኃዝ የሚሆን ጽሑፎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የኤምዲ5 አሻራ ያላቸው፣ በእጁ ይገባሉ። የከፈለው ግን የ80 ግጭት ዋጋ ብቻ ነው። ከነዚህ መካከል በሻ-1ም የሚጋጩ ሁለት ማግኘት ሻ-1ን ለብቻው ከማጥቃት አይበልጥም። 44 አኃዝ የተባለው ወደ 25 ወረደ። በዚያው ጉባኤ ላይ ዋንግ ሺያዩንና ባልደረቦቿ የኤምዲ5ን እውነተኛ ግጭቶች አቀረቡ፤ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ በዚያው ሳምንት ወደቀ።

የምስክር ነገር ከተነሣ ጥንታዊው ችሎት አብሮ ይነሣል። የሙሴ ሕግ በአንድ ሰው ቃል አይፈረድም፣ ሁለት ወይም ሦስት ይቁም ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኘው የሶስና ታሪክ ደግሞ ቁጥር ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል ያሳያል። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ቃላቸውን አስማምተው መሰከሩባት፤ ሕጉ የሚጠይቀው ቁጥር ስለተሟላም ተፈረደባት። ዳንኤል ያደረገው ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት መጠየቅ ነበር፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። የብዙ ምስክር ጥንካሬ ያለው በቁጥራቸው ሳይሆን አለመመካከራቸው ላይ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሆኖም ታሪኩን እንዳለ ወደ ሃሽ ማሻገር ያሳስታል። ኤምዲ5ና ሻ-1 አልተመካከሩም፤ ሁለተኛው ሃሽ እንከን የማይወጣለት ቢሆን እንኳ የዡ ጥቃት ይሠራል። በሶስና ችሎት ውሸታሞቹ ምስክሮቹ ናቸው። በሃሽ ችሎት ምስክሮቹ ሐቀኞች ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደካማ ነው፤ ውሸታሙም የሚመሰከርበትን ነገር ራሱን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። እርሱ የፊተኛው ምስክር ሊለያቸው የማይችላቸውን አእላፍ መልኮች ያዘጋጅና ከነዚያ ውስጥ ኋለኛውም የማይለያቸውን ሁለት ይመርጣል። ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ ማቆም እዚህ አይረዳም፤ ቀድሞውንም ለየብቻ ቆመዋል።

ታዲያ ማያያዝ ከንቱ ነውን? አይደለም። የተያያዘው እንዲጋጭ ሁለቱም መጋጨት አለባቸውና፣ ጥምረቱ ከሁለቱ ከጠንካራው አያንስም። የማይሆነው ከጠንካራው በብዙ መብለጥ ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚወድቅ ለማያውቅ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ኃይል ሳይሆን ዋስትና ይገዛበታል። የአንዱን ውጤት በሌላው ውስጥ ማሳለፍ ግን ይህንን ዋስትና እንኳ አይሰጥም፤ ውስጠኛው ከተጋጨ ውጪኛው የሚደርሰው አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሆነ ምንም ቢጠነክር የሚያየው ልዩነት የለም። ማያያዝም ቢሆን የሚጠብቀው ከግጭት ብቻ ነው። ጉዳዩ ምስጢር መሸሸግ ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ስለ ገባው ጽሑፍ ካፈሰሰ፣ ሌላው ዝም ቢልም ነገሩ ወጥቷል። ሁለት ምስክር ለእውነት ይጠቅማል፤ ለምስጢር ግን አንድ አፍ ይሻላል። ቲኤልኤስ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው እትሙ ጥንዶቹን ትቶ ወደ ሻ-256 ተሻገረ፤ የ1999ኙ እትም እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተሽሯል።

ሻ-1ም ጊዜው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ጉግልና በአምስተርዳም የሚገኘው የሂሳብ ምርምር ተቋም ሲደብሊውአይ አንድ የሻ-1 አሻራ የሚጋሩ ሁለት የፒዲኤፍ ሰነዶችን አወጡ፤ ስሌቱ 9,223,372,036,854,775,808 የሻ-1 ሙከራ ወስዷል። ዌብኪት የተባለው የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሁለቱን ሰነዶች ለሙከራ ወደ ኮድ ማከማቻው ሲያስገባቸው፣ ሰብቨርዥን በተባለው ሥርዓት የሚሠራው ማከማቻ ተበላሸ፤ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። ጊት ላይ ግን ሁለቱ ሰነዶች የተለያየ ስም አገኙ። ምክንያቱ ከይዘቱ በፊት የሚጻፈው ዓይነትና ርዝመት ነው፤ ግጭቱ የተሠራው ያ ራስጌ ለሌለው ጽሑፍ ስለነበር በጊት ቤት አልሠራም። ይህ እንደ ጥበቃ ሊቆጠር አይገባም፤ ያን ያህል ስሌት የሚከፍል ሰው ራስጌውን ጨምሮ መጀመር ይችላል።

ጊት በዚያው ዓመት የታወቁ የግጭት ምልክቶችን የሚለይ የሻ-1 ስሌት አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሻ-256 የሚሠሩ ማከማቻዎችን በሙከራ ደረጃ ፈቀደ። ሽግግሩን የሚያከብደው ስሌቱ አይደለም። እያንዳንዱ ኮሚት የቀደመውን ኮሚት አሻራ በሆዱ ስለያዘ፣ አንዱን ስም መለወጥ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ መለወጥ ነው፤ በቀድሞው ስም ላይ የተደረጉ ፊርማዎችም አዲሱን ስም አያውቁትም። አብዛኞቹ ማከማቻዎች ዛሬም በ40 ምልክት የሚጻፈውን የሻ-1 ስም ይዘው ይሠራሉ።